ከቧንቧ ውኃ ጓሮ፦ የዘርና የጽጌ ወራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅቶች ከፍላ ትቆጥራለች። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ደግሞ ክረምት ይባላል። ይህን ሁላችንም በሰንበት ትምህርት ቤት በቃላችን አጥንተነዋል። ብዙዎቻችን ግን ከፈተናው በኋላ ትተነዋል፤ ዛሬ «ጸደይ» ሲባል የአደይ አበባ ወራት የሚመስለው ወጣት ጥቂት አይደለም። በእኔ ልብ ውስጥ ትምህርቱ ጸንቶ የቀረው በደሴ ከተማ ቧንቧ ውኃ በሚባለው ሰፈር፣ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ፣ እናቴ የምታለማት አንዲት ጓሮ ስላለች ነው። በደብተር የጻፍነውን እርሷ በዶማ ታስረዳን ነበር።

ጓሮዋ ከመቶ ካሬ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሜዳ የሚባል ነገር በብዛት የላትም፤ ቤቱም ጓሮውም ተዳፋት ላይ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ድንጋይ እየካበ ሦስት እርከን አበጅቶ ነበር። በላይኛው እርከን ጎመንና ቆስጣ፣ በመካከለኛው ድንችና ነጭ ሽንኩርት፣ በታችኛው ባቄላና ካሮት ይተከላል። በአጥሩ ጥግ ጌሾ፣ ጤና አዳምና አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አሉ። ዱባው ቦታ አይጠይቅም፤ አጥሩን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ያፈራውንም ወዲያ ማዶ ያፈራዋል፤ በዚህም ተጣልተን አናውቅም።

አክስቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ማንጠልጠል ይጀምራል። በእርሷ ግቢ ሎሚና ፓፓያ ይበቅላሉ፤ በእኛ ግቢ ሎሚ ሦስት ጊዜ ተተክሎ ሦስት ጊዜ በኅዳር ውርጭ ተቃጥሏል። ስለዚህ ሎሚው ከታች ይወጣል፤ ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ከላይ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ስፍራ የተሰጠው ጸጋ የተለያየ መሆኑን መምህራን በምሳሌ ሲያስረዱ ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ የሚኒባስ ላይ ዘንቢል ነው።

ሰፈራችን ቧንቧ ውኃ ቢባልም ጓሮዋን የሚያጠጣት ቧንቧው አይደለም። በበጋ ቧንቧው ሲመጣ የሚቀዳው ለመጠጥና ለማብሰያ ነው። ለተክሉ የሚሰጠው ሳሙና ያልነካው የእጅና የአትክልት እጣቢ፣ እንዲሁም በክረምት ከቆርቆሮው በአሸንዳ ወርዶ በበርሜል የተጠራቀመው ነው። እናቴ ጎመን ያጠበችበትን ውኃ መልሳ ለጎመን ታጠጣዋለች። ልጆች ሳለን በዚህ እንስቅ ነበር።

የጓሮው ሥራ የሚጀምረው ከፍግ ነው። ስለ ፍግ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ስለ አትክልት የሚጻፉ ጽሑፎች ሁሉ ስለ አበባው ይጽፋሉ፤ ስለ ፍጉ የሚጽፍ ግን አላየሁም። ከቤቱ ጀርባ አንድ ጉድጓድ አለ። የድንች ልጣጭ፣ የምድጃ አመድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ከጎረቤት ላም የመጣ እበት በየተራ ይነባበርበታል፤ በላዩ አፈር ይደረጋል፤ በወር አንድ ጊዜ ይገላበጣል። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ሽታው ይለወጣል፤ የዝናም አፈር ይሸታል። በሉቃስ ወንጌል የተነገረችውን ፍሬ ያጣች በለስ አስቡ። ባለቤቱ ትቆረጥ ሲል አትክልተኛው አንድ ዓመት ብቻ እንድትታገሥ ለመነላት። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ትዕግሥቱን ነው። አትክልተኛው ግን ዝም ብሎ ሊታገሥ አልጠየቀም፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገባ። ልመናው ከዶማ ጋር ነው። እናቴ ይህን ወንጌል በሰማች ቁጥር ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ የሙያ ጓደኛዋን ያገኘች ያህል።

ደቡብ ወሎ ከክረምቱ በተጨማሪ የበልግን ዝናም የሚጠብቅ ምድር ነው። በልጉ የቀረበት ዓመት፣ በተለይ በደጋው፣ ገና ከጅምሩ የጎደለ ዓመት ነው። እናቴ ድንቹን የምትተክለው የበልጉ የመጀመሪያ ዝናም ሲጥል ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የምትቆፍረው ደግሞ በሰኔ፣ በጾመ ሐዋርያት ነው። የተተከለውም የተበላውም በጾም ነው ማለት ነው። ጾማችንና ጓሯችን ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ሆኑ የሚገባው ሽሮና ድንች ከሱቅ ለሚገዛ ሰው አይደለም። በነሐሴ ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ጎመኑ ደርሷል፤ በኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ፣ ተጎንጉኖ፣ ከማጀቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል።

ክረምቱን ደግሞ አበው ለብቻው ከፋፍለውታል። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 የዘርና የደመና ጊዜ ነው፤ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅ፣ የነጎድጓድና የወንዞች ሙላት፤ ከነሐሴ 10 በኋላ ደግሞ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ እና እጕለ ቋዓት እየተባሉ የሚታሰቡ ዕለታት ይመጣሉ። እጕለ ቋዓት የቍራ ጫጩቶች ማለት ነው። እናታቸው ትታቸው ስትሄድ ፈጣሪ የሚመግባቸው እነርሱ ናቸው። ለእናቴ ይህን ባስረዳኋት ጊዜ «የቍራዎቹስ ይሁን፤ ድንቢጦቹን ግን በእኔ ችግኝ ነው የሚመግባቸው» አለችኝ። ቢሆንም ከመደቡ ላይ ስታባርራቸው ድንጋይ ወርውራ አታውቅም፤ እጇን ታጨበጭባለች።

በደሴ ሐምሌ ማለት ጉም ማለት ነው። ጦሳ ለሳምንታት ይሰወራል፤ ልብስ አይደርቅም፤ የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታም በዚሁ ጊዜ ይመጣል። መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ቦዩን መጥረግ፣ ሥሩ ውኃ እንዳይተኛበት መከታተል የወሩ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን በመስተብቍዕ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ስትለምን ዝናሙ እንዲመጣ ብቻ የምትለምን ይመስለኝ ነበር። በተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ግን ዝናሙ በልክ እንዲመጣም ይለምናል፤ እርከኑን ይዞት የሚወርድ ዝናም አለና።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ።

ጎመን በሰኔ መደብ ላይ ይዘራል፤ በሐምሌ ይዛወራል፤ ከነሐሴ ጀምሮ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ይበላል። እናቴ ግን ከሁሉ የወፈሩትን፣ ቅጠላቸው የሰፋውን ሦስቱን መርጣ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ታስርባቸዋለች። ጨርቅ የታሰረበትን ጎመን ማንም አይነካውም። እነርሱ በጥቅምት ቢጫ አበባ ያወጣሉ፤ በኅዳር ይቋጥራሉ፤ በታኅሣሥ ደርቀው ዘራቸው ይወቃል። በልጅነቴ «ምርጡን ለምን አንበላውም?» ብዬ ጠይቄያት «ከከሳው ዘር የያዘ ዓመቱን ሙሉ ከሲታ ይበላል» ብላኛለች። ይህን ሥርዓት ያስያዘቻት አያቴ ናት። አያቴ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረኀብ በወሎ ያየች ሴት ነበረች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም ነበር። አንድ የምታነሣው ነገር ዝናሙ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ዘራቸውን በልተው የጨረሱ ጎረቤቶች በራሰው መሬት ዳር ቆመው ያዩ እንደ ነበር ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ትላለች።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ጓሯችን እንደ ወትሮው ሞልታ ነበር። ከተማይቱ ግን እንደ ወትሮዋ አልነበረችም። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶቹን ሞልተው ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በየቤቱ እየዞርን እንጀራና ወጥ እንሰበስብ ነበር። እናቴ በየሁለት ቀኑ አንድ ዘንቢል ጎመን ትሰጠኛለች። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ መደቡ ከጨርቆቹ በቀር ተራቁቶ ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን ቅዳሜ ዋለ። ወሩ የጽጌ ወር ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ካህናቱና መዘምራኑ አባ ጽጌ ድንግል የደረሱትን ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችው ስደት ይታሰባል። በዚያች ሌሊት እኛ ማኅሌት አልቆምንም። ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ነበርና ከእናቴ፣ ከታናሽ እኅቴና ከሕፃን ልጇ ጋር በእግራችን ወደ ሐረጎ እንወርድ ነበር። መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ አረጋዊት እናቱን ያዘለ። ሰቆቃወ ድንግልን ከልጅነቴ ጀምሮ በዜማ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ ስሰማው ግን ከዜማው በፊት የሚመጣብኝ የእግር ድምፅ ነው።

አባቴ አልመጣም። ጉልበቱን ያመው ነበር፤ «እኔ ለመንገድ ሸክም ነኝ፤ ቤቱን እጠብቃለሁ» አለ። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ የመድፍ ድምፅ እየተሰማ፣ «ድንቹን ከመሬት ውስጥ ነው የተውኩት፤ እየቆፈርክ ብላ። ነጭ ሽንኩርቱ ሲደርስ ንቀለው። ጨርቅ ያሰርኩባቸውን ግን አደራህን» አለችው። እኅቴ «እማዬ፣ አሁን ስለ ጎመን ይወራል?» ብላ አለቀሰች። አባቴ ግን «አደራሽ በእኔ ነው» አለ። የተለያዩት በዚህ ቃል ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በትዳር የኖሩ ሰዎች ሌላውን ሁሉ የሚናገሩት በእንደዚህ ያለ ነገር ይመስለኛል።

እኛ ኮምቦልቻ አንድ ሌሊት አድረን፣ አክስቴንም ይዘን፣ እየተቀበሉን እየሸኙን ደብረ ብርሃን ደረስን። በደብረ ብርሃን ስላገኘነው ደግነት ለብቻው መጻፍ ይገባል፤ ዛሬ የጓሮውን ነገር ልጨርስ።

የአባቴን ነገር ያወቅነው ስንመለስ ነው። መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ፣ ገበያው ጠፍቶ ሳለ የኖረው ከአጥር ማዶ ባሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ተደጋግፎ ነው። እማማ (ሁላችንም እንደዚያ እንጠራቸዋለን) ስንዴ ነበራቸው፤ እርሱ ድንች ነበረው። እርሳቸው በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ፣ እርሱ ከመሬት እየቆፈረ፣ በዱባው ሐረግ በኩል በአጥሩ ላይ ይቀባበሉ ነበር። ኅዳር 15 ጾም ገባ። በማግሥቱ እማማ ቂንጬ በሳህን አቀበሉትና «አብሽር፣ ቅቤ አላስነካሁትም፤ ጾማችሁ ትናንት እንደ ገባ ቆጥሬያለሁ» አሉት። አባቴ ይህን ሲነግረን ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ቤታችን ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ብዙ ነገር እንደ ተወሰደ የነገረን ከዚያ በኋላ፣ እንደ ተራ ነገር አድርጎ ነው።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ቀን ማታ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ በሩን አንኳኳች። ከሰሜን ወሎ መጥታ በትምህርት ቤት ተጠልላ የነበረች፣ ሌሎቹ ሲሸሹ ከታመመ ልጇ ጋር የቀረች ሴት ናት። ድንቹ በዚያን ቀን አልቆ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ብቻውን አይበላም፤ እማማም በዚያ ሰሞን ዘመድ ቤት ነበሩ። በጓሮው የቀረው አረንጓዴ ነገር ጨርቅ የታሰረባቸው ሦስቱ ጎመኖች ብቻ ነበሩ። አባቴ ፋኖስ ይዞ ወደ ላይኛው እርከን ወጣ። ምን ያህል እንደ ቆመ አልነገረንም። ከዚያም የአንዷን ጨርቅ ፈታ፤ ቅጠሏን፣ ለጋ አገዳዋን፣ አበባዋን ሳይቀር ቆርጦ ቀቀለላቸው። ሁለቱን ተዋቸው።

ኅዳር 27 ቀን ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት እጅ ተመለሱ፤ እኛም በታኅሣሥ መጀመሪያ ቤታችን ገባን። እናቴ አባቴን አቅፋ አለቀሰች፤ የተሰበረውን በር አየች፤ ወደ ቤት ሳትገባ ግን በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደች። አባቴ ከኋላዋ ያነክሳል። ሁለት የደረቁ ጎመኖች ቆመዋል፤ ፍሬያቸው ሳይረግፍ። «አንዷስ?» አለችው። ነገራት። ጥቂት ዝም ብላ «ልጁ ዳነ?» ብላ ጠየቀችው። «አላውቅም፤ በማግሥቱ ሄዱ» አላት። እናቴ ተቀምጣ ዘሩን በነጠላዋ ላይ ታሽ ጀመረች፤ ግማሽ ሲኒ ያህል ወጣ።

ስለዚህ ነገር ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተነጋግረናል። አንዱ ወንድማችን «አደራውን አጓደለ እንጂ» ሲል ሌላዋ እኅታችን «አደራውንማ የጠበቀው ያን ጊዜ ነው» አለችው። ሦስቱንም ቆርጦ ቢሰጥ ኖሮ የሚቀጥለው ሰኔ መደቡ ባዶ ይሆን ነበር፤ አንዷንም ባይቆርጥ ግን እናቴ ዘሩን በምን ልብ እንደምታሽ አላውቅም። እኔ ከአባቴ ጎን ነኝ፤ ልጁ ስለ ሆንሁ ብቻም አይደለም። በዚያው ሰኔ ከሰፈራችን ዘር የጠፋባቸው ስድስት ቤቶች ከዚያች ሲኒ ወስደዋል። ከመካከላቸው የእማማ ቤት አንዱ ነው፤ የእርሳቸውን ላም እበት ስንወስድ የኖርነውን ዓመታት ብንቆጥር ግን ዕዳው ገና አልተከፈለም።

አባቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እናታችንን የሚጦራት እርሱ ነው። ከተዝካሩ በኋላ በጓሮው ላይ ሦስት የኪራይ ክፍሎች እንሥራ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የመድኃኒት ዋጋ ጨምሯል፤ ጎመን ደግሞ ከሰኞ ገበያ ይገዛል። ግንበኛ ይዞ መጣ፤ ሲባጎ ዘረጉ፤ ኖራ በተኑ። ሲባጎው ላይኛውን እርከን በመካከሉ ሰንጥቆት አለፈ። እናቴ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ ቡና ስትቆላ ነበር። ግንበኛውን «ልጄ፣ ታች ያለውን እርከን ውሰድ፤ ሁለት ክፍል ይወጣዋል። ይህን ግን አባታቸው የካበው ነው፤ ዘርም አለበት» አለችው። ወንድሜ ሊከራከር ጀምሮ ተወው፤ ቡናውን ጠጣ።

ሁለቱ ክፍሎች ባለፈው ዓመት ተሠርተው አለቁ። ባቄላውና ካሮቱ ቦታ አጡ፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ በጥቅምት እሸት ከእጅ ወደ አፍ የሚበላበት ጥግ ነበርና። ነገር ግን ማንም ያላሰበው ነገር ተገኘ፤ የአዲሱ ቤት ቆርቆሮ ከአሮጌው ይሰፋል። አሸንዳ ገጠምንለት፤ በርሜሉ ሦስት ሆነ። በሐምሌ ሌሊት ዝናሙ ሲጠነክር እናቴ ባትሪ ይዛ ትነሣለች፤ የሞላውን በርሜል ትከድናለች፤ ቱቦውን ወደ ባዶው ታዞራለች። በአንደኛው ክፍል የተከራየችው ወጣት ነርስ መጀመሪያ ሰሞን ሌባ መስሏት ደንግጣ ነበር። አሁን ድምፁን ስትሰማ ወጥታ ታግዛታለች፤ በበሯ አጠገብም የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ፍግ ሞልታ ሁለት ጎመን ተክላለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።